ከጋራዡ ጀርባ የተቀበረው

የካቲት 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ዛሬ ምሰሶው ቆመ። ከዋናው መንገድ ወፍራም ሽቦ ተስቦ እኛ ግቢ ሊገባ ነው። ወንድማገኝ እንደ ሙሽራ ወዲህ ወዲያ ሲል ዋለ፤ እኔ በመስኮት ሳየው ዋልኩ።

ነገሩን እዚህ ልጻፈው። ካልጻፍኩት ለእሱ እናገረዋለሁ፣ ከተናገርኩት ደግሞ እንጣላለን። ባሌ የቴክኒክ ኮሌጅ መምህርነቱን ለቋል። ለመኪና ብለን በሠራነው፣ መኪና ግን ገብቶበት በማያውቀው ጋራዥ ውስጥ ቶርኖ ሊተክል ነው። ብረት እያሽከረከረ የሚቀርጽ ትልቅ ማሽን ነው። «በጋይንት የወፍጮ ዘንግ በተሰበረ ቁጥር ሰው ደብረ ታቦር ድረስ ይንከራተታል። እኔ እዚሁ ንፋስ መውጫ እቀርጽለታለሁ» ይላል። እውነቱን ነው፣ አልካድኩም። ማሽኑን ግን የቤት መብራት አያንቀሳቅሰውም። ስሪ ፌዝ የሚሉትን ይፈልጋል፤ ሦስት መስመር ባንድ ላይ፣ ጉልበቱ ከቤት መብራት ጋር የማይገናኝ።

እኔ አዋላጅ ነርስ ነኝ። አምና ድንገተኛ ክፍል ተረኛ ሆኜ አንድ በያጅ አመጡልኝ። መዳፉ ላይ ሽንብራ የምታክል ጥቁር ነጥብ ነበረችው፣ ሌላ ምንም የለበትም። ሞቶ ነው የደረሰው። ወንድማገኝ ያን ሰው አላየውም። እኔ ግን ሽቦውን ባየሁ ቁጥር በዚያ ሰው ፊት ላይ የባሌን ፊት አያለሁ።

ሽቦውን የሚዘረጋው መንግሥቴ ይባላል። ከእስቴ ነው፣ ከመካነ ኢየሱስ። ማን አመጣው ስል «ሰው ነው የጠቆመኝ» አለኝ ወንድማገኝ። የትኛው ሰው?

የካቲት 13

ተረኛ ነኝ፣ በአጭሩ።

መንግሥቴ ጠዋት «እናትዎ የሚተኙት በየትኛው ክፍል ነው?» አለኝ። ምን አገባው? ሽቦው በእርሳቸው ግድግዳ እንዳያልፍ ነው አለ። መልስማ አለው፣ ለሁሉም መልስ አለው።

ስልክ ሲጠራበት ወደ አጥሩ ይሸሻል።

የካቲት 17

ጾም ገባ። እናቴ እማሆይ ወለተ ሚካኤል ከመነኮሱ ወዲህ ከእኛ ጋር ናቸው፤ ዛሬ ከቤተ ክርስቲያን የተመለሱት ከሰዓት በኋላ ነው፤ ፊታቸው ገና ከመጀመሪያው ቀን ገርጥቷል። ትንሽ ቅመሱ ብላቸው «አንቺ ጤናሽን ጠብቂ፣ እኔን ተይኝ» አሉኝ።

የጎረቤታችን የካሴ ሚስት ታንጉት በአጥሩ ላይ አንገቷን አስግጋ «እናንተዬ፣ ያ ጉድ ሲገባ የእኛ መብራት ሊደክም ነው አሉ?» አለችኝ። ማን አለሽ ስላት ሳቀች። ባሏ ካሴ በናፍጣ የሚሠራ ወፍጮ አለው። የወንድማገኝ ሥራ ይጠቅመዋል እንጂ አይጎዳውም። ታዲያ ሳቁ ምንድን ነው? እሷና መንግሥቴ ሲያወሩ ሁለት ጊዜ አይቻቸዋለሁ።

እንዲህ እየሆንኩ መምጣቴን አውቃለሁ። ወንድማገኝ «አንቺ ቤት ቢገባ ንፋሱንም መታወቂያ ትጠይቂዋለሽ» ይለኛል። ይበል።

የካቲት 25

ወንድማገኝ ትናንት ቶርኖውን ሊያመጣ ባሕር ዳር ሄደ። መንገዱ በዚህ ሰሞን እንዴት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። አንድ ቀን ይከፈታል፣ ሦስት ቀን ይዘጋል።

አመሻሽ ላይ ከሥራ ስመለስ የግቢው በር ገርበብ ብሏል። ከጋራዡ ጀርባ፣ ከእነታንጉት አጥር ሥር፣ መንግሥቴ ጉድጓድ ቆፍሮ እስከ ወገቡ ገብቶበታል። ከጎኑ አንድ ጆንያ ከሰል፣ በፌስታል የተቋጠረ ጨው፣ ቁመቴን የሚያክል የመዳብ ዘንግ።

«ምንድን ነው ይኼ?» አልኩት።

«ኧርዝ ነው፣ ሲስተር።»

«ጨውና ከሰሉስ?»

«አፈሩ ደርቋል። ጨውና ከሰል ካልገባለት መብራቱን አይቀበልም።» ከጉድጓዱ ሳይወጣ እጁን እያወናጨፈ አስረዳኝ። «ማሽኑ ውስጥ ሽቦ ቢላጥ መብራቱ ብረቱ ላይ ይወጣል። ያን ብረት የነካ ሰው አለቀለት። ይኼ ካለ ግን ሰውየውን ትቶ በዚህ ወርዶ አፈር ይገባል። የቤትዎ ጠባቂ ነው ይበሉት።»

ጠባቂ! ይህን ቃል ባይጠቀም ምናለበት?

ኧርዝ ምን እንደሆነ አውቃለሁ፤ ፊዚክስ ተምሬያለሁ። ግን ለምን ባሌ በሌለበት? ለምን ሲመሽ? ለምን ሳይነግረኝ? ታንጉት በአጥሩ ቀዳዳ ስታይ ነበር። «ከአጥሬ ሥር ምን ቀበራችሁ?» አለች፣ ሳቋ የለም። አፈሩን መልሶ በእግሩ ደልድሎ ረገጠው። ከመሬት ወጥቶ ወደ ጋራዡ የሚገባ ቢጫና አረንጓዴ ሽቦ ብቻ ቀረ።

ማታ ለእማሆይ ነገርኳቸው። ምን ብዬ እንደነገርኳቸው በትክክል አላስታውስም። «ከሰልና ጨው ከአጥሩ ሥር ቀበረ፣ ልቤ አልወደደውም» ያልኩ ይመስለኛል። እማሆይ መቁጠሪያቸውን መቁጠር አቆሙ። «ጠባቂ ነው አለሽ?» ብለው ደግመው ጠየቁኝ። አዎ አልኩ። ያለውን ነው የነገርኳቸው፣ አልጨመርኩበትም።

የካቲት 26

ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ወንድማገኝን አገኘሁት። ስለ ጉድጓዱ ስነግረው ሳቀብኝ። «ሲስተር ፍሬሕይወት! አንቺም ደብተራ ልታስጠሪ ነው?» አለኝ። ከዚህ በኋላ ስለ ጉድጓዱ ላልነግረው ወሰንኩ። ይሳቅ ብዬ ነው እንዴ የምደውለው?

የካቲት 28

ሰማሁት። በጆሮዬ ሰማሁት። ልብስ ላሰጣ ስወጣ መንግሥቴ አጥሩ ጥግ ተጠግቶ በስልክ ያወራል፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፦

«ዛሬ ተንቀሳቀሰ? … ጠዋትስ? … ካቆመ ዝም እንዳትዪ፣ በየትኛውም ሰዓት ደውዪ።»

ወንድማገኝ ማሽኑን በአይሱዙ ጭኖ ዛሬ ነው የሚነሳው። ማን ነው የተንቀሳቀሰው? ለማን ነው የሚጠቁመው? ልብሱን እዚያው ትቼ ገባሁ። ለወንድማገኝ ደወልኩ፣ አይነሳም። ደግሜ ደወልኩ። ምን እንደማደርግ ጨንቆኝ ለእማሆይ ነገርኳቸው። «እኔ ከቀበረው ቀን ጀምሮ አውቄዋለሁ» አሉኝ።

የካቲት 30

በሰላም ገባ። ደብረ ታቦር አድረው መምጣታቸው ነው፣ ስልኩ ባትሪ ጨርሶ። ተመስገን። መንግሥቴ ሮጦ አይሱዙውን ሲያቅፈው፣ እንዲያው ከእኔ በላይ ደስ ያለው መሰለ። ማስመሰል የሚችል ሰው ነው።

መጋቢት 4

እማሆይ ጠዋት ጠዋት ጋራዡ ጀርባ ጠበል ይረጫሉ። ወንድማገኝ አይቶ «ይርጩ፣ እርጥብ አፈርማ ለኧርዙ ጥሩ ነው» ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፣ ለይስሙላ።

መጋቢት 9

ዛሬ ቶርኖው ተነሳ! የሰፈሩ ጎልማሶች ተጋግዘው ከተከሉት ወዲህ ሁሉም ሲጠብቀው የነበረ ነው። ወንድማገኝ ቁልፉን ተጫነ፣ ማሽኑ አጉረመረመ፣ ከዚያ ድምፁ ተስተካከለ። አንድ ዝገታም ብረት አስገብቶ ሲያወጣው እንደ መስታወት ያበራል። ልጅነቱ ተመለሰ ልበል? ብረቱን በገዛ ሸሚዙ ጠርጎ ሰጠኝ፣ ገና ይሞቃል። ደስ አለኝ፣ አልዋሽም። ካገባሁት ወዲህ እንዲህ ሲስቅ አላየሁትም።

የታንጉት ቤት መብራት አልደከመም። መጥታ አየች፣ አመሰገነች፣ ሄደች። መንግሥቴ ደግሞ «ሲስተር፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ ነበር» ብሎኝ ነበር። ሥራ አለብኝ ብዬ አለፍኩት። ዛሬ ጠይቆ ነገ ምን እንደሚፈልግ አይታወቅም።

መጋቢት 15

የሌሊት ተረኛ ነበርኩ። ሁለት መንታ፣ አንድ ቀዶ ጥገና። ደክሞኛል።

ጠዋት ስገባ የእማሆይ ነጠላ ጫፍ ጭቃ ነክቷል፣ እጃቸውም ተልጧል። ጾሙ ጎዳቸው፣ ወድቀው ይሆናል። መምሬ ተክለ ማርያም ዘንድ ለጸሎት ሄጄ ነበር አሉ። የወጥ ቤቱ ቢላ ጥርሱ ተሸርፏል። ተኛሁ።

መጋቢት 16

ይኸው! ልክ ነበርኩ!

ጋራዡ ጀርባ ሄድኩ። ያ ቢጫና አረንጓዴ ሽቦ ተቆርጦ ተንጠልጥሏል። አፈሩ ተቆፍሮ ተመልሷል። በእንጨት ብወጋው ምንም የለም፤ መዳቡ የለም። ቁመቴን የሚያክል ንጹሕ መዳብ! ወንድማገኝ ወፍጮ ቤቶቹን ሊያነጋግር አርብ ገበያ ከተማ ሄዷል። መንግሥቴ ቀሪ ሥራ ሊጨርስ ሲመጣ በር ላይ ጠበቅሁት።

«መዳቡን የት አደረስከው?» አልኩት። ታንጉት አጥሩ ላይ ነበረች፣ ሁለት መንገደኞችም ቆሙ።

«የቱን መዳብ?»

«አንተ የቀበርከውን፣ አንተው ያወጣኸውን!»

ዞሮ ሄዶ አየ። ሲመለስ ላብ አጥምቆታል፤ የሌባ ላብ ነው አልኩ በልቤ። «ሲስተር፣ እኔ አልነካሁትም። በልጄ… እኔ አልነካሁትም» አለ። ከዚያ ጣቱን አውጥቶ፦ «ስድቡን ተይው። ማሽኑን ግን እንዳታስነሱ! ይኼ ሳይመለስ ማሽኑን እንዳታስነሱ፣ ለወንድማገኝ ንገሪው።» አንቱታው ቀረ፣ አንቺ አለኝ።

ማስፈራራቱ ነው። ሰርቆ ሲያበቃ ሥራ ሊያስጨምር። ዳግም ድርሽ እንዳትል ብዬ አባረርኩት። መሣሪያውን ሰብስቦ ሲወጣ ታንጉት «አይ ሰው!» ስትል ሰምቷል።

ማታ ለወንድማገኝ «መንግሥቴ መዳብ ሲሰርቅ ደርሼበት አሰናበትኩት» አልኩት። ትርፍራፊ ሽቦ መሰለው። «ለቁራጭ ሽቦ ሰው ይዋረዳል?» ብሎ ተቆጣኝ። የቱን መዳብ ብሎ አልጠየቀኝም፣ እኔም አልዘረዘርኩም። ስለ ጉድጓዱ ባነሳ እንደገና ሊስቅብኝ። ማስፈራሪያውንስ ምን ያደርግለታል? ሥራውን ገና መጀመሩ ነው።

እማሆይን ስለ እጃቸው ልጠይቃቸው ነበር። ተኝተው ነበር።

መጋቢት 22

ሥራ በዝቷል። ከስማዳ ሳይቀር የወፍጮ ዘንግ ይዘው መጡ። ወንድማገኝ ሳይበላ ይውላል።

መንግሥቴን ገበያ አየሁት። አገሩ አልሄደም። ለምን? መንገድ ተዘጋ ይላሉ። ለእሱ ብቻ ነው የሚዘጋው?

መጋቢት 27

ወንድማገኝ ማታ እጁን እያሻሸ «ዛሬ ማሽኑ ቆነጠጠኝ» አለ፣ እንደ ቀልድ። እንዴት አልኩት። «ትንሽ ነው፣ ንዝር አደረገኝ። ኧርዝ እያለው መሆን አልነበረበትም።»

አፌ ላይ መጥቶ ነበር። እማሆይ ከምድጃው ማዶ ቀና ብለው አዩኝ። «የጎማ ጫማ አድርግ» አልኩት።

ነገ እነግረዋለሁ። ነገ መድኃኔዓለም አልፎ ቀለል ሲለው።

ሚያዝያ 1

አልነገርኩትም። ደህና እየሠራ ነው። ጫማውን አድርጓል።

ሚያዝያ 3

ወንድማገኝ ወደቀ



ሚያዝያ 4

ሆስፒታል ከአልጋው አጠገብ ሆኜ ነው የምጽፈው። ተኝቷል፤ ይተነፍሳል። በየጊዜው እየተነሳሁ አፍንጫው ላይ እጄን አደርጋለሁ።

ትናንት ከሰዓት ዝናብ ጣለ፣ ከወቅቱ በፊት የመጣ ኃይለኛ ዝናብ። ውኃው በጋራዡ በር ሥር ገባ። እኔ ቤት ነበርኩ። የማሽኑ ድምፅ ሳይቋረጥ የወንድማገኝ ድምፅ ብቻ ተሰማኝ፣ አንድ ጊዜ፣ አጭር። ሮጬ ስደርስ በጀርባው ተዘርሯል፤ ቀኝ እጁ ጠቁሯል። ዋናውን ማጥፊያ ወደ ታች ጣልኩት። ከዚያ ደረቱ ላይ ወጣሁ። ስንት ጊዜ እንደተጫንኩት አላውቅም። ስንት እናቶችን «አይዞሽ» ስል የኖርኩ ሰው «ወንዴ ተው፣ ወንዴ እባክህ ተው» እያልኩ ስጮህ ነበር አሉ። ካሴ በአጥሩ ዘሎ ገብቶ ነው ተሸክሞ ባጃጅ ላይ የጫነው። ባጃጁ ውስጥ ሲያስለው ነው መኖሩን ያመንኩት።

ሁለት ጣቱን ያጣ ይሆናል ብለውኛል። ይጣ። ሰውየው ይኑርልኝ እንጂ።

ማሽኑ አሮጌ ነው። ጥፋቱ የማሽኑ ነው።

ሚያዝያ 5፣ ሆሳዕና

ቤት ገባን። ሰው መጥቶ መጥቶ ሲያልቅ መንግሥቴ በሩ ላይ ቆመ። ጣቱ ላይ የዘንባባ ቀለበት አድርጓል። «ሰማሁ» አለ። ወንድማገኝ ግባ አለው። እኔ ውኃ ላመጣ ብዬ ወጣሁ፣ ግን ከበሩ አልራቅሁም።

መንግሥቴ ጋራዡን አይቶ፣ በጀርባው በኩል ዞሮ ተመለሰ። «ያው ነው፣ ኧርዙ አልተመለሰም» አለ።

ወንድማገኝ ከትራሱ ቀና አለ። «ምን ማለትህ ነው አልተመለሰም?»

«የተነቀለው ነዋ።»

«ፍሬ!» ብሎ ጠራኝ። ገባሁ። «ሰረቀው ያልሽኝ ኧርዙን ነው?»

«መዳብ ነው ያልኩህ» አልኩ።

መንግሥቴ እኔን አላየኝም። «የነቀልኩት እኔ አይደለሁም። ማሽኑን እንዳታስነሱ ብዬ ግን ተናግሬ ነው የወጣሁት» አለ።

«ለማን?» አለ ወንድማገኝ።

ያኔ እማሆይ ከጥግ፣ መቁጠሪያቸውን እየቆጠሩ፣ ድምፃቸውን ሳያዛቡ ተናገሩ።

«እኔ ነኝ ያወጣሁት። ሰው ለምን ይታማል? እኔ ነኝ። ከሰልና ጨው ከአጥራችሁ ሥር ተቀብሮ፣ ልጄ ልቧ እየፈራ፣ ዝም ልበል? ጸሎት አስደርሼ፣ ሌሊት ቆፍሬ አወጣሁት፤ ከገደል ወረወርኩት። ባላወጣው ኖሮ ልጃችን ይተርፍ ነበር?»

«እማሆይ፣» አለ ወንድማገኝ ቀስ ብሎ፣ «ማን ነገረዎ?»

«ፍሬሕይወት ናት እንጂ! ሌላ ማን ይነግረኛል?»

ወንድማገኝ ወደ እኔ ዞረ። «ታውቂ ነበር?» አለኝ።

«አላውቅም ነበር» አልኩ። ውሸት አይደለም። ሲቆፍሩ አላየኋቸውም። ያየሁት ነጠላቸውን፣ እጃቸውንና ቢላውን ብቻ ነው።

ሚያዝያ 8

ሰሞነ ሕማማት። መንግሥቴ አዲስ መዳብ ይዞ መጥቶ ደግሞ ቀበረው። ወንድማገኝ የታሰረ እጁን ደረቱ ላይ ይዞ ከአጠገቡ ቆመ። እማሆይንም ወንበር ሰጥቶ አስቀመጣቸው። ጨውና ከሰሉ ለምን እንደሆነ መንግሥቴ አንድ በአንድ ሲነግራቸው «ታዲያ መጀመሪያ እንዲህ አትሉም ኖሯል?» አሉ። እኔን ማንም ነይ አላለኝም። በመስኮት ነበር የማያቸው።

ስልኩ ጮኸ። ወደ አጥሩ ሸሸ፣ እንደ ልማዱ። ከዚያ ጉድጓዱ አፍ ላይ ዘፍ ብሎ ተቀምጦ ፊቱን በአፈር እጁ ሸፈነ። ወጣሁ፤ ምን ሆንክ አልኩት።

«ወለደች» አለኝ። «ባለቤቴ። ሴት ናት። እንቅስቃሴዋ ቀንሷል እያሉን ስንጨነቅ ነበር። እርስዎን ልጠይቅዎ ፈልጌ ነበር፤ ከዚያ መንገዱ ተዘጋ፣ ከዚያ ደግሞ… ያው።»

ተንቀሳቀሰ? ካቆመ ዝም እንዳትዪ።

ስንት ዓመት አዋላጅ ሆኜ ኖርኩ! በቀን አሥር እናት የምጠይቀውን ጥያቄ ከአጥር ጥግ ስሰማው የሽፍታ ወሬ አደረግሁት። እግሩ ላይ ልወድቅ ቃጣኝ። «ይቅር በለኝ» አልኩት።

«እግዚአብሔር ይቅር ይበለን» አለ። እንዲህ ነው የሚባለው። ቀጥሎ «ገበያ ውስጥ ግን ሥራ የሚሰጠኝ ጠፍቷል» አለ፣ ወደ ጉድጓዱ እያየ።

ታንጉት ዘንድ ሄጄ እውነቱን ነገርኳት። እማሆይ መሆናቸውን ግን አልነገርኳትም። ታዲያ ማን ወሰደው ስትለኝ አላውቅም አልኩ። አስቤበት አይደለም።

ሚያዝያ 13

ትናንት ፋሲካ ነበር። ወንድማገኝ በግራ እጁ ጎረሰ። ላጉርስህ ብለው «ልልመደው» አለኝ። ለሰው ፊት ይስቃል። ከእኔ ጋርም አልተጣላም፣ አንድ ክፉ ቃል አልወጣውም። ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

ዛሬ ስልኩን ክፍሉ ውስጥ ትቶ ወጥቶ ነበር፣ ተመልሶ መጥቶ ወሰደው። ማታ «ዛሬ ማን ገባ? ማንን አነጋገርሽ?» አለኝ፣ በእኔው አነጋገር። ከማንም ጋር አላወራሁም አልኩት። ራሱን ነቀነቀ፤ ማመኑን ግን አላውቅም።

ጋራዡ ላይ አዲስ ጓጉንቸር ተንጠልጥሏል። አንዱን ቁልፍ መንግሥቴ ይዞታል። ሌላውን ወንድማገኝ ከማዕተቡ ጋር አንገቱ ላይ አስሮታል፤ ፋሻውን ስቀይርለት ደረቱ ላይ አየሁት።

«ለምን ተቆለፈ?» አልኩት፣ ቀለል አድርጌ።

«ልጅ እንዳይገባበት ብዬ ነው» አለኝ፣ ቀና ሳይል።

ልጅ የለንም።